የቆዳ ትራስ በቤት ውስጥ መስፋት፦ ጥያቄና መልስ

ለሶፋና ለአልጋ የሚሆን የቆዳ ትራስ ስለ መስፋት የሚነሣው ጥያቄ ስለ በዛ፣ በየተራ እመልሳለሁ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ጨርቅ ላይ የተበላሸ ስፌት ቢፈታ የመርፌው ቀዳዳ ይከደናል፤ ቆዳ ላይ ግን የተወጋው እንደ ተወጋ ይቀራል። ከዚህ በታች ጥብቅ የምልባቸው ነገሮች ሁሉ ከዚሁ ጠባይ የመጡ ናቸው።

ጥያቄ፦ ያለኝ ተራ የቤት ስፌት መኪና ነው። ቆዳ ይችላል?

ቆዳው ስስ ከሆነ ይችላል። ውፍረቱ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ለስላሳ የበግ ወይም የፍየል ቆዳ አብዛኛውን የቤት መኪና አያስቸግርም። ሲጋጠም ድርብ እንደሚሆን፣ ዚፕ ያለበት ቦታ ደግሞ ከዚያም እንደሚወፍር አይርሱ። ለቀበቶ የሚሆን ደረቅ ቆዳ አምጥቶ የቤት መኪና ላይ መጫን ግን ግፍ ነው። ለመፈተን ሁለት ቁራጭ ደርበው ከመርፌው ሥር ያስገቡና መሽከርከሪያውን በእጅዎ ቀስ ብለው ያዙሩ። መርፌው ሳይታገል ወርዶ ከወጣ ሞተሩም ያወጣዋል።

ጥያቄ፦ የትኛው መርፌ፣ የትኛው ክር?

የቆዳ መርፌ ተብሎ የሚሸጠው። ተራ መርፌ የጨርቁን ክሮች ገለል እያደረገ ያልፋል፤ ቆዳ ውስጥ ገለል የሚል ክር ስለሌለ ጫፉ ስለት ያለውና እየቆረጠ የሚገባ መርፌ ያስፈልጋል። ለስስ ቆዳ ቁጥር 90፣ ጠንከር ላለው 100፣ ክሩ ወፍራም ከሆነ 110። ክሩ ፖሊስተር ወይም ናይለን ይሁን። የጥጥ ክር አልመክርም፤ በእጽዋት ታኒን የለፋ ቆዳ ጥጥን ቀስ በቀስ ይበላዋል፣ ትራሱም አንድ ቀን ሳይታሰብ ይተረተራል።

ጥያቄ፦ ክሩ ሳይበጠስ ቆዳው ራሱ በስፌቱ መስመር ተቀደደ። ለምን?

ስፌቱን ስላበዙት ነው። ጨርቅ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ስፌት ጥንካሬ ነው፤ ቆዳ ላይ ግን የመቀደጃ መስመር ማዘጋጀት ይሆናል። የስፌቱ እርምጃ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 50 ያህል ቀዳዳ አለ፤ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ቢያሳድጉት 25 ብቻ ይሆናል፣ በቀዳዳዎቹ መካከልም የሚይዝ ቆዳ ይተርፋል። እኔ ከ3.5 በታች አልወርድም።

ሁለተኛው ጥፋት ጫፍ ላይ ወደ ኋላ መልሶ መስፋት ነው። ልማድ ሆኖብን እጃችን ራሱ ያደርገዋል፣ ግን በዚያች ትንሽ ቦታ ላይ ቀዳዳው እጥፍ ይሆናል። በምትኩ ክሩን ረዘም አድርገው ይቁረጡት፣ የላዩን ወደ ውስጠኛው ገጽ ስበው ከታችኛው ጋር ሁለት ጊዜ ይቋጥሩት።

ጥያቄ፦ ቆዳው ከመኪናው እግር ሥር ተጣብቆ አልሄድም ይላል።

የቴፍሎን እግር ይገጠማል። ከሌለ ስስ ወረቀት በላዩ ላይ አንጥፈው ከነወረቀቱ ይስፉ፤ ሲያበቁ ወረቀቱ ተቀዶ ይነሣል። ቆዳውን በእጅ አይጎትቱ፣ መርፌው ይታጠፍና ይሰበራል።

ጥያቄ፦ ከመስፋቴ በፊት በስፒል ላያይዘው?

በፍጹም። የልብስ መቆንጠጫ ይበቃል። ወይም ለስፌት በተተወው ትርፍ ላይ ብቻ ማስቲሽ በስሱ ይቀቡ።

ጥያቄ፦ ትራሱን ስገለብጠው ማዕዘኖቹ ሹል ሆነው ይቆማሉ፣ መልኩ አያምርም።

ሁሉም የሚጠይቀው ነው። ፍጹም አራት ማዕዘን ተደርጎ የተቆረጠ ትራስ ሲሞላ መሐሉ ያብጣል፣ ማዕዘኑ ግን የሚሞላው ነገር ስለማይደርሰው ባዶውን ይሾላል። ስለዚህ ሲቆርጡ ጎኖቹን ከመሐል ጀምሮ ወደ ማዕዘኑ በቀስታ ያጥብቧቸው፤ ማዕዘኑ ላይ ሲደርሱ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ መግባት አለበት። ሲሰፉም ነጥቡ ላይ ቀጥ ብለው አይዙሩ፤ ሁለት ስፌት በሰያፍ ወስደው ይታጠፉ። ከዚያ ትርፉን ከስፌቱ 4 ሚሊ ሜትር ያህል አስቀርተው ይከርክሙት፣ ስፌቱን በጣትዎ ከፍተው በትንሽ መዶሻ ቀስ ብለው ይቀጥቅጡት። ሲገለብጡ ጫፉ ደነዝ የሆነ እንጨት ይጠቀሙ። በመቀስ ጫፍ መግፋት ያን ሁሉ ድካም በአንድ አፍታ ይበሳዋል።

ጥያቄ፦ የማልለብሰው የቆዳ ጃኬት አለኝ። ይሆናል?

ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የለም። ጀርባው ሰፊና እኩል ነው፤ ክርኑ የተለጠጠ ስለሆነ ይተዉት። ገበሩን አውጥተው ከውስጥ በኩል ይመልከቱ፦ የጨርቅ ሽመና ከታየ ሰው ሠራሽ ነው። ገጹ መላጥ ከጀመረ ደግሞ ትራስ ቢሆንም መላጡን አይተውም።

ጥያቄ፦ የውስጥ ትራሱ መጠን ስንት ይሁን? ሁለቱም ገጽ ቆዳ ቢሆንስ?

ያለቀው ሽፋን 45 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ከተፈለገ በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር ለስፌት ጨምረው 47 ይቁረጡ። የውስጡ ትራስ ከሽፋኑ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ቢበልጥ ሞላ ብሎ ይቀመጣል።

ሁለቱንም ገጽ ቆዳ ማድረግ ይቻላል፣ እኔ ግን አልወደውም። አንድ ሰው ድንገት ሲደገፍበት አየሩ በቶሎ የሚወጣበት ስለሌለው ጫናው በስፌቱ ላይ ይወድቃል። ጀርባውን ወፍራም ጨርቅ ያድርጉት፤ ይተነፍሳል፣ ቆዳም ይቆጥባል፣ ዚፑንም መስፋት ይቀላል። ዚፑ ግን አስቀድሞ ይሰፋ፣ የቀሩት ሦስት ጎኖች ከመዘጋታቸው በፊትም ግማሹ ተከፍቶ ይቆይ። አለዚያ መገልበጫ ያጣሉ።

ጥያቄ፦ መኪና የለኝም። በእጅ ይሞከራል?

ይሞከራል፣ ጥንካሬውም ይበልጣል። በወስፌ እኩል እኩል ቀዳዳ ይብሱ፤ በሰም የታሸ አንድ ረጅም ክር በሁለቱም ጫፍ መርፌ ያስገቡለት፣ ሁለቱን መርፌዎች በእያንዳንዱ ቀዳዳ ከግራና ከቀኝ ያሳልፉ። አንዱ ስፌት ቢበጠስ የሌላው ጎን ክር ይዞ ይቆያል። ክሩ ከስፌቱ ርዝመት አራት እጥፍ ያህል ይሁን፤ መሐል መንገድ ላይ ከማለቅ መትረፉ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሲቆሽሽ ይታጠባል? ካውያስ?

ውኃ ውስጥ አይነከርም። በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ጠርገው በጥላ ያድርቁት። የእንፋሎት ካውያ አያስጠጉት፣ ቆዳው ይኮማተራል። ለመጨማደዱ ደረቅ ጨርቅ ጣል አድርገው ካውያውን በዝቅተኛ ሙቀት ለአፍታ ያሳርፉበት፣ መጀመሪያ ግን በቁራጭ ላይ።