በ80,000 ብር የብረት ሥራ ልጀምር?

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ በብረታ ብረት ሥራ ደረጃ 3 ጨርሼ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) አልፌያለሁ። ቤተሰብ 80,000 ብር አዋጥቶልኛል። ዋና መንገድ ዳር ቤት ተከራይቼ በርና መስኮት ልሥራ ወይስ ልቀጠር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መክፈቱን ክፈት። ዋና መንገድ ዳር ግን አይሁን። ኪራዩ በወር 8,000 ብር ቢሆንና አከራዩ የ6 ወር ቅድሚያ ቢጠይቅህ፣ አንድ የብየዳ ኤሌክትሮድ ሳታቃጥል 48,000 ብር ወጣ። በር የሚያሠራ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ግንበኛው «እገሌ ጋ ሂድ» ብሎት ነው የሚመጣው። ስለዚህ ውስጥ ለውስጥ ያለ ግቢ ወይም የሚሠራ ወርክሾፕ ጥግ በየወሩ እየከፈልህ ያዝ።

በዚህ ሙያ ብዙ ልጆች የሚዘጉት ሥራ እያላቸው ነው፤ ገንዘባቸው ግድግዳ በተደገፈ ብረትና በሰው እጅ በቀረ ዱቤ ያልቃል። እስቲ 1 ሜትር በ2.10 የሆነ አንድ በር እንቁጠር። ለመቃኑም ለመዝጊያውም አንድ ዓይነት ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ የብረት ቱቦ) ብትጠቀም፣ መቃኑ 2.10 ሁለትና 1.00 አንድ፣ መዝጊያው 2.05 ሁለትና 0.92 ሦስት ይፈልጋል። ድምሩ 12.06 ሜትር ነው። ቱቦላሬ በ6 ሜትር ዘንግ ስለሚሸጥ «ሁለት ይበቃል» ብለህ ዋጋ ትቆርጣለህ። ሥራው ላይ ግን መቃኑ ከተቆረጠበት ዘንግ የተረፈው 80 ሳንቲ ሜትር ለመዝጊያው 92 ሳንቲ ሜትር አይደርስም፤ ሦስተኛ ትገዛና 5 ሜትር ከ8 ሳንቲ ሜትር ቆሞ ይቀርብሃል። ሁለት በር አንድ ላይ ብትቆርጥ 5 ዘንግ ይበቃሃል፤ ለየብቻው 6 ነበር። መጀመሪያ ወረቀት ላይ ቁረጥ፤ ዋጋም በሜትር ሳይሆን በምትገዛው ዘንግ ልክ ስጥ።

ቀብድ ስትቀበል ቢያንስ የቱቦላሬውን፣ የላሜራውን (የብረት ቆርቆሮውን)፣ የማጠፊያውንና የቁልፉን ሙሉ ዋጋ ይሸፍን፤ ዕቃውንም የዚያኑ ዕለት ግዛ። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን፣ ከውጭ በሚመጣ ጥሬ ዕቃ ላይ የቆመ ዋጋ ለሳምንት አይታመንም። በዋጋ ማቅረቢያህ ላይ «ለ3 ቀን ብቻ የሚጸና» ብለህ ጻፍ። ቀሪውን ክፍያ በሩ ከመጫኑ በፊት ተቀበል።

ኮንትራክተር 20 በር ቢያዝህ ደስታው አይሸውድህ። እሱ የሚከፍልህ የራሱ ክፍያ ሲጸድቅለት ነው። አምስት አምስት በር አድርገህ ተዋዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ሳይከፈሉ ቀጣዮቹን አትቁረጥ።

ላሜራ ላይ ረጅም ብየዳ አትጎትት፤ ሙቀቱ ያጣምመዋል። 2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር በይደህ ወደ ሌላ ጎን ዝለል። ጠቅልለህ ከመበየድህ በፊት ሁለቱን ሰያፎች (ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ) ለካ፤ እኩል ካልሆኑ በሩ መቃኑን ይነክሳል፣ ተመልሶም የትርፍህን ቀን ይበላል። መብራት ሲደክም ኤሌክትሮዱ እየተጣበቀ ያስቸግርሃል፤ ዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚችል ኢንቨርተር የብየዳ ማሽን ምረጥ። የአዳማ ነፋስ አቧራ ስለሚያነሣ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ጠዋት፣ ከለላ ውስጥ ቀባ።

ንግድ ፈቃድና ቲን አውጣ፤ ድርጅት ያለ ደረሰኝ ከአንተ አይገዛም። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ማሽን ለብድር መያዣ እንዲሆን ይፈቅዳል፤ አበዳሪው ቤት ቢጠይቅህም ይህን አንስተህ ጠይቅ።

ከመክፈትህ በፊት ግን ሦስት ወር በቀን ሥራ ተቀጠር፤ 80,000ውን አትንካ። ብየዳውን ታውቃለህ፣ ዋጋ አሰጣጡን ግን እዚያ ነው የምትማረው። ለአሁኑ ሦስት የብረት ሱቅ ዞረህ የዛሬውን ዋጋ ጻፍ፣ ይህንኑ በር አስላና ላክልኝ፤ አብረን እናየዋለን።