የሆቴሉን አምስት ዓመት ከሲቪዎ አያውጡት

ውድ ጠያቂ፣

ረዘም ካለው ደብዳቤዎ ውስጥ አንዲት ዐረፍተ ነገር አልዋጥልኝ ስላለች መልሱን ሳላሳድር እየጻፍኩልዎ ነው። በአንድ ሆቴል የሀውስኪፒንግ (የክፍሎች ጽዳትና አያያዝ) ክፍል አምስት ዓመት ሠርተው የፈረቃ ሱፐርቫይዘር ለመሆን እንደበቁ፣ ሥራዎን ሳይለቁም በዘላቂ ቱሪዝም የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርትዎን እየተከታተሉ የመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ እንደቀረዎት ገልጸው፣ «የሆቴሉን ሥራ ከሲቪዬ ባወጣው የተሻለ ባለሙያ አልመስልም ወይ?» ሲሉ ይጠይቁኛል። የትምህርት ክፍያዎን የሚሸፍኑት ታላቅ ወንድምዎ ሆቴሉን ቶሎ እንዲለቁ መወትወታቸው፣ የጀማሪ የፕሮጀክት ሠራተኛ ደመወዝ አሁን ከሚያገኙት ማነሱ፣ የአጫጭር ሥልጠናዎችና የሦስተኛ ዲግሪ ጉዳይም አብረው ተነሥተዋል። ሁሉንም እነካካቸዋለሁ፤ የሲቪው ጉዳይ ግን ይቅደም።

አያውጡት። ሐሳቡን ማን እንዳቀረበልዎ ባይነግሩኝም፣ በዚህ ዘርፍ ደመወዝ ተቀብሎ የሠራ ሰው እንዳልሆነ እገምታለሁ።

ዘላቂ ቱሪዝም በመማሪያ ክፍል ውስጥ ስለ አየር ንብረት፣ ስለ ቅርስና ስለ ማኅበረሰብ ተጠቃሚነት የሚነገርበት ሰፊ ርዕስ ነው። መስፋቱም ተገቢ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ከዓለም የሙቀት አማቂ ጋዞች ልቀት 8 በመቶ ያህሉ ከቱሪዝም እንደሚመነጭ አስልቷል፤ በ2021 ይፋ በሆነው፣ ስለ ቱሪዝምና አየር ንብረት በወጣው የግላስጎው መግለጫም ፈራሚዎቹ እስከ 2030 ልቀቱን በግማሽ ለመቀነስ የሚደረገውን ጥረት ለመደገፍ በፈቃዳቸው ቃል ገብተዋል። ይህ ሁሉ ቃል ወደ ሥራ ሲወርድ ግን የሚያርፈው የውኃ ቆጣሪ በሚነበብበት፣ የአንሶላ ርክክብ በሚፈረምበት፣ የጽዳት ኬሚካል በሚለካበት ቦታ ነው፤ እርስዎ አምስት ዓመት የቆሙትም እዚያ ነው።

አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። እንግዶች ፎጣቸውን ደግመው እንዲጠቀሙ ስለሚጠይቁት ካርዶች ጎልድስታይን፣ ቺያልዲኒና ግሪስኬቪሺየስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት ጥናት በትምህርት ላይ ሳያጋጥምዎ አልቀረም። የአካባቢ ጥበቃን ብቻ የሚጠቅስ ካርድ ከደረሳቸው እንግዶች 35 በመቶ ያህሉ ሲተባበሩ፣ አብዛኞቹ የሆቴሉ እንግዶች ፎጣቸውን ደግመው እንደሚጠቀሙ የሚናገር ካርድ ከደረሳቸው ደግሞ 44 በመቶ ያህሉ ተባብረዋል። በየመጽሐፉ የሚጠቀሰው ይህ ልዩነት ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ የማነሣው መረጃውን ማን እንደሰበሰበው ነው፤ የሰበሰቡት ክፍል የሚያጸዱት የሆቴሉ ሠራተኞች ናቸው። ተመራማሪዎቹ ሠራተኞቹን አሠልጥነው መመዝገቢያ ቅጽ ሰጥተዋቸዋል፤ በበር እጀታ ወይም በበር መስቀያ ላይ የተንጠለጠለ ፎጣም እንዳይቆጠር ወስነዋል፤ ፎጣው እንዲቀየርለት የሚፈልገውም የማይፈልገውም እንግዳ እዚያው ስለሚሰቅል ውጤቱ ያለ አግባብ ከፍ እንዳይል ነው። ክፍል ያጸዳ ሰው ይህን ሳይነግሩት ያውቃል። ያላጸዳ ሰው ቅጹን ቢያዘጋጅ ግን የተሳሳተ ቁጥር ሰብስቦ በላዩ ላይ ያማረ ስታትስቲክስ ይሠራበታል።

ሌላም ልጨምር። የሆቴሎችን የካርቦን ልቀት ለማስላት በስፋት የሚሠራበት የጋራ ዘዴ ልቀቱን በተያዘ ክፍል እያካፈለ የሚያሳይ ሲሆን፣ የልብስ እጥበቱ ለውጭ ድርጅት ቢሰጥ እንኳ አብሮ እንዲቆጠር ይጠይቃል። ለምን እንደሆነ ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ አንሶላውን ጭኖ ወደ ውጭ ላውንደሪ የሚልክ ሆቴል የውኃና የኤሌክትሪክ ፍጆታው በአንድ ወር ውስጥ በተአምር የቀነሰ ይመስላል። በግዥ ክፍል ሠርቼ በኋላ ሆቴሎችን ወደ መገምገም ስሸጋገር እንዲህ ያለውን ነገር ቶሎ ለመለየት የረዳኝ ዲግሪዬ አልነበረም፤ የላውንደሪው ደረሰኝ በየትኛው ፋይል እንደሚቀመጥ ማወቄ ነው።

ይህ እውቀት ተፈላጊነቱ እየጨመረ እንደሚሄድ የማምነው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 27 ቀን 2026 ጀምሮ ተፈጻሚ የሚሆነው የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ኩባንያዎች ያለ በቂ ማስረጃ ለሸማቹ «ለአካባቢ ተስማሚ ነን» እንዳይሉና በታወቀ የማረጋገጫ ሥርዓት ያልተደገፈ ምልክት እንዳይለጥፉ ይከለክላል። ለአውሮፓ ተጓዦች አገልግሎት የሚሸጥ ሁሉ ማስረጃውን ከአንድ ቦታ ማምጣት አለበት፤ ማስረጃው ደግሞ የሚገኘው በየፈረቃው ከሚሞላ መዝገብ ነው።

ስለዚህ ሲቪዎን እንደገና ይጻፉት። «የክፍሎችን ጽዳት መቆጣጠር» የሚለው አገላለጽ ምንም አይናገርም። የአንሶላና የፎጣ ቅያሪን መርሐ ግብር ያወጡ ከሆነ፣ ወርሃዊ የኬሚካል ፍጆታ የመዘገቡ ከሆነ፣ አዲስ ሠራተኞችን ስለ ኬሚካል አያያዝ ያሠለጠኑ ከሆነ ይህንኑ ከክፍሎቹና ከሠራተኞቹ ቁጥር ጋር ያስፍሩት፤ ያልለኩትን ቁጠባ ግን በመቶኛ አይጻፉ፤ ገምጋሚ በመጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። የመመረቂያ ጽሑፍዎንም እዚያው ሆቴል ላይ ይሥሩት። በሩቅ ስላለ ብሔራዊ ፓርክ በመጠይቅ ብቻ ከሚሠራ ጥናት ይልቅ፣ በሁለት ፎቆች ላይ የተለያየ የአንሶላ ቅያሪ አሠራር ለጥቂት ወራት ተሞክሮ በውኃና በሥራ ጫና ላይ ያስከተለው ለውጥ የተመዘነበት ጥናት ቀጣሪ አንብቦ የሚጨርሰው ነው። የሥራ ጫናውን እንዳይረሱት። የዓለም አቀፉ የዘላቂ ቱሪዝም ምክር ቤት መመዘኛዎች ከአካባቢ ጥበቃ በተጨማሪ ስለ ሠራተኛ መብት፣ ስለ ባህልና ስለ አስተዳደር የሚጠይቁ አራት ክፍሎች አሏቸው፤ የውኃ ቁጠባው በሠራተኛው ጀርባ ላይ ከተጫነ ዘላቂ አይባልም።

ወደ ወንድምዎ ልምጣ፤ ቅር እንደማይሉኝ ተስፋ አለኝ። ክፍያዎን መሸፈናቸው የሚያስመሰግናቸው ነው፤ የትኛው ሥራ እንደሚያሳፍር የመወሰን ሥልጣን ግን አይሰጣቸውም። «ማስተርስ ይዘሽ አንሶላ ልትቆጥሪ ነው?» ማለታቸውን ጽፈውልኛል። አዎን፣ ይቁጠሩ፤ አቆጣጠሩን የሚያውቅ ሰው ነው የጠፋው። ሆቴሉን ዛሬ ቢለቁ ሥራ እስኪያገኙ ድረስ የቤት ኪራይዎንና ቀለብዎን ማን እንደሚችል ወንድምዎን በግልጽ ይጠይቋቸው፤ ለስንት ወር እንደሚችሉም ይንገሩዎት። መልሱ ዝምታ ከሆነ፣ የሚጠብቁት የራሳቸውን ክብር በእርስዎ ደመወዝ ነው፤ ይህንንም በአክብሮት ሊነግሯቸው ይገባል።

የደመወዙ ማነስ እውነት ነው፤ በተለይ በአጭር ጊዜ ፕሮጀክት ውሉ ሲያልቅ ደመወዙም ስለሚያልቅ ሁለቱን ሲያነጻጽሩ የውሉን ዘመን ጨምረው ያስሉ። ከዚያ በፊት በራስዎ ሆቴል ወይም በሌላ ሆቴል የዘላቂነት አስተባባሪ የሚባል የሥራ መደብ መኖሩን ያጣሩ፤ ከሌለም የማረጋገጫ ሰነዶቹን የሚያሰባስብ ሰው እንደሚያስፈልግ ለሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ ያቅርቡ። አጫጭር ሥልጠናዎችን በተመለከተ፣ ለማረፊያ ተቋማት የወጣውን አይኤስኦ 21401 የተባለውን መስፈርትና ከላይ የጠቀስኩትን የምክር ቤቱን መመዘኛ ጠንቅቀው ሳያነቡ ለሰርተፊኬት ገንዘብ አይክፈሉ፤ ምክር ቤቱ ራሱ ሆቴል እንደማያረጋግጥ፣ ለአረጋጋጭ ድርጅቶች ዕውቅና እንደሚሰጥ ብቻ ማወቅም ከብዙ አታላይ ማስታወቂያ ያድናል። ሦስተኛ ዲግሪውን ማስተማር ካልፈለጉ ለጊዜው ይተዉት።

በመጨረሻም፣ ከሆቴሉ የሚለቁበት ቀን ሲደርስ የሚሰጥዎት የሥራ ልምድ ደብዳቤ የሥራ መደብዎንና የቆይታ ጊዜዎን ብቻ ጠቅሶ እንዳያበቃ ይጠይቁ። የመሯቸው ሠራተኞች ብዛት፣ የያዟቸው መዝገቦችና ያስተዋወቁት አሠራር እንዲዘረዘሩበት ረቂቁን ራስዎ አዘጋጅተው ለአስተዳደር ክፍሉ ያስገቡ፤ ብዙ ጊዜ እንዳለ ፈርመው ማኅተም ያደርጉበታል።