ጫጫታው የሚገባው በአንቴናው ነው ወይስ በኬብሉ?

ሰላም ወንድሜ። «በ80 እና በ40 ሜትር የአማተር ሬዲዮ ባንድ ማታ ማታ ጫጫታው በኤስ ሜትሩ (በሲግናል ጉልበት መለኪያው) ኤስ 7 ይደርሳል፤ ለመቀበያ ብቻ የሚሆን ሌላ አንቴና ብሠራ ይሻለኛል ወይ?» ብለሃል። ይሻልሃል። ግን ሽቦ ከመዘርጋትህ በፊት ጫጫታው በየት በኩል እንደሚገባ ካላወቅክ፣ አዲሱም አንቴና ያንኑ ነው የሚያሰማህ።

መጀመሪያ ሬዲዮውን በባትሪ አስነሳና የቤቱን ዋና ብሬከር አጥፋው። ጫጫታው ከወረደ ምንጩ እዚያው ቤትህ ውስጥ ነው፤ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እየመለስክ ትይዘዋለህ። እኔ ቤት ጉዱ የላፕቶፕ ቻርጀር ነበር። የሬዲዮው ስክሪን ላይ እኩል እየተራራቁ የሚቆሙ ደብዛዛ መስመሮች ይታዩ ነበር፤ ቻርጀሩ እየሞቀ ሲሄድ ደግሞ ሁሉም አብረው ቀስ እያሉ ወደ ጎን ይንሸራተታሉ። እንዲህ ያለ ነገር ካየህ ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ (ኤሌክትሪኩን በፍጥነት እያበራና እያጠፋ የሚቀይር መሣሪያ) ፈልግ። ኤልኢዲ አምፖልና የሶላር ኢንቨርተርም የዚሁ ዘመዶች ናቸው።

ከጎረቤት የሚመጣውን ማጥፋት ስለማትችል አንቴናው የሚያስፈልግህ ለእሱ ነው። ቦታህ ጠባብ ከሆነ ዲያሜትሩ 1 ሜትር ገደማ የሆነ ሉፕ (ክብ የሽቦ አንቴና) በቂ ነው። ሉፕ በጠርዙ አቅጣጫ ይሰማል፣ በፊቱ አቅጣጫ አይሰማም። የሚሰማበት ጎን ሰፊ፣ የማይሰማበት ግን ጠባብና ጥልቅ ስለሆነ፣ ጣቢያውን ተወውና የማይሰማውን ጎን ወደ ጫጫታው አዙር። ቤቨሬጅ የሚባለው ረጅም ሽቦ ግሩም ነው፤ ግን ለ80 ሜትር ባንድ ቢያንስ 80 ሜትር ያህል መሬት ይፈልጋል፤ ያለው ይሥራው። የትኛውንም ብትመርጥ ከቤቱ አርቀው።

ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ኬብሉ ነው። የቤቱ ጫጫታ በኮአክሱ (አንቴናውን ከሬዲዮው በሚያገናኘው ኬብል) የውጭ ገጽ ላይ ተጉዞ አንቴናው ጋ ሲደርስ ከሲግናሉ ጋር ተቀላቅሎ በውስጥ በኩል ይመለሳል። ለመፈተን ቀላል ነው፤ የአንቴናውን ሽቦ ከኬብሉ ጋር ከሚያገናኘው ትንሽ ትራንስፎርመር ፍታና አዳምጥ። ባንዱ ፀጥ ማለት አለበት። ጣቢያ አሁንም የሚሰማህ ከሆነ አንቴናህ ኬብሉ ራሱ ነው። መፍትሔው ቁጥር 31 ከሚባለው የፌራይት ዓይነት (ጫጫታውን ከሚያግድ ማግኔታዊ ቁስ) የተሠራ ቀለበት ነው፤ ቀጭን ኮአክስ 10 ዙር ያህል ጠምጥምበት፣ አንዱን አንቴናው ጋ፣ ሌላውን ኬብሉ ቤት ሲገባ አድርግ። ኬብሉ ላይ ጠቅ ተደርጎ የሚዘጋው ትንሹ ፌራይት በ3.5 ሜጋኸርዝ (በ80 ሜትር ባንድ) ያው ለጌጥ ነው። የፌራይቱ ጉልበት የሚያድገው በዙሩ ብዛት ካሬ ነው፤ አንዴ ማሳለፍና 10 ጊዜ መጠምጠም የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ኤስ ሜትሩ ሲወድቅ ደግሞ አትደንግጥ። ጣቢያው ከኤስ 9 ወደ ኤስ 5፣ ጫጫታው ከኤስ 7 ወደ ኤስ 1 ቢወርድ፣ አንዱ የኤስ ደረጃ 6 ዴሲቤል ስለሆነ በመሀላቸው የነበረው ልዩነት ከ12 ወደ 24 ዴሲቤል አደገ ማለት ነው። ጆሮ የሚሰማው ልዩነቱን ነው። በነዚህ ባንዶች የሰማዩ ጫጫታ ከሬዲዮው የራሱ ጫጫታ እጅግ ስለሚበልጥ፣ ደካማ አንቴና ለመቀበያ ጉዳት የለውም።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ በዚህ አንቴና እንዳታሰራጭ። በዋናው አንቴና ስታሰራጭም ይሄኛው ኃይሉን ለቅሞ ሬዲዮው ውስጥ ስለሚያስገባው የመቀበያውን ክፍል ሊያቃጥል ይችላል፤ በማሰራጫ ሰዓት መስመሩን የሚቆርጥ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) አስገባ።