ሌባ የነካካው ቦክሰር፦ መጀመሪያ መሪው፣ ከዚያ ሰንሰለቱ

ጥያቄው ከድሬዳዋ ነው። ጠያቂው ቦክሰር 150 ሞተር ሳይክል አለው። ቀን ከዚራ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ፣ ሌሊት ሳቢያን በተከራየበት ግቢ ያቆመዋል። ባለፈው ሳምንት ከምሳ በኋላ ሲመለስ ሞተሩን ካቆመበት ሦስት አራት ሜትር ርቆ ግድግዳ ላይ ተደግፎ አገኘው። ከዚያ ወዲህ ቁልፉ ኮንታክቱ (ማስነሻ ቁልፉ የሚገባበት) ውስጥ ይወላወላል፤ መሪው ተቆልፎም ይጫወታል፤ ከፊት መብራቱ ሥር የናስትሮ ጫፍ ተንጠልጥሏል። ከሁለት ወር በፊት አላርም አስገጥሞ ነበር፤ ጭራሽ ባትሪው ሁለት ቀን ከቆመ አያስነሳም። «የትኛውን ቁልፍ ልግዛ?» ይላል።

ወንድሜ፣ ቁልፍ መግዛቱ ትንሽ ይቆይ። ምልክቶቹን አንድ ላይ ሳያቸው፣ ሌባው መሪውን በጉልበት ጠምዝዞ የመሪ ቁልፉን ምላስ አጥፎታል ወይም ሰብሮታል፤ ካቻቢቴ ኮንታክቱ ውስጥ ከትቶ ሞክሯል፤ ወደ ሽቦው ሲሻገር ሰው መጥቶበታል። ሥራው በግማሽ ቀርቷል ማለት ነው። ሞተርህ የት እንደሚቆምና መሪው እንደላላ አሁን ያውቃል። ይመለሳል ብለህ ተነሳ።

ከሁሉ በፊት ግን መሪው። ምላሷ በግማሽ ወጥታ ከቀረች እየነዳህ መሪው ወደ አንድ ጎን ዞሮ ሊያዝ ይችላል፤ ይህ ከስርቆቱ የከፋ ነው። የፊቱን ጎማ ከመሬት አንሳና መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙር። የሚቧጭር ድምፅ ካለ፣ ወይም አንድ ቦታ ላይ ትንሽ እንኳ ከያዘ፣ ኮንታክቱ ተፈትቶ ሳይታይ አትንዳው። በተለይ በዚህ ሁኔታ የደንገጎን ጠመዝማዛ ይዘህ ወደ ሐረር እንዳትወጣ።

ኮንታክቱ በሁለት ቡሎን ነው የሚያዘው። ጭንቅላታቸው ክብ ሆኖ ቁልፍ የማይዝ ከሆነ በፑንታ መሐላቸውን መብሳት ነው። ስታወጣው ምላሷን እይ፤ ቀጥ ካላለች ወይም ጫፏ ከተሸረፈ አቃንቶ መመለስ የለም፤ ሙሉውን ሴት ቀይር። ሴት ስልህ ኮንታክት፣ የታንከር ክዳንና የወንበር ቁልፍ አብረው ማለቴ ነው። ርካሹ ኮንታክት አካሉ ልስልስ ቅይጥ ስለሆነ አንድ ጊዜ በኃይል ሲጠመዘዝ ይሰነጠቃል። ሱቁ ውስጥ ሳለህ አዲሱን ምላስ ከአሮጌው ጎን አድርገህ ውፍረቱን አስተያይ። ከዚያ ባለሱቁን ሌላ ሦስት አራት ሴት አስመጣና በእነሱ ቁልፍ ያንተን ለመክፈት ሞክር። በአንዱም ከዞረ መልስለት። እንዲህ ያለ ኮንታክት በየሱቁ አለ፤ ሰው ግን ሳይሞክር ነው የሚገዛው።

የተንጠለጠለው ናስትሮ የሌባው አይመስለኝም። አላርሙን የገጠመልህ ሰው ሽቦ ልጦ፣ ጠምዝዞ፣ በናስትሮ ጠቅልሎ ሄዷል። በድሬ ሙቀት፣ ያውም ከፊት መብራት ሥር፣ የናስትሮ ሙጫ ቀልጦ ይፈስሳል፤ በሁለት ወር መገጣጠሚያው ራቁቱን ይቀራል። ሌባው ሽቦ መላጥ እንኳ ሳያስፈልገው ተልጦ ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። እዚያ ያለውን መገጣጠሚያ ሁሉ ፈትተህ በስታኞ በይደው፣ በሙቀት የሚጨማደደውን የላስቲክ ቱቦ አልብሰው።

አሁን ሌባው ኮንታክቱን ቢያልፍ እንኳ ሞተሩ እንዳይነሳ በስውር ወደሚገጠመው ማብሪያ ማጥፊያ ልግባ፤ እዚህ ላይ ብቆይ አትሰልች፣ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ነው። ኮንታክት ሁሉ አንድ ሥራ የሚሠራ ይመስላል፤ አይደለም። አንደኛው ዓይነት ከባትሪ ወደ ሲዲአይ (ለካንዴላው እሳት የሚልከው ሳጥን) የሚሄደውን ፖዘቲቭ ያቋርጣል። ቁልፉ ሲጠፋ ሲዲአዩ ኃይል ያጣል፣ ካንዴላውም እሳት አይሰጥም። ሁለተኛው፣ በብዙዎቹ አሮጌ ባለ ማግኔት ሞተሮች ላይ ያለው፣ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሲዲአዩ ኃይሉን በቀጥታ ከማግኔቱ (ሞተሩ ሲዞር ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው) ስለሚያገኝ ባትሪ አይፈልግም፤ ፔዳሉ በተመታ ቁጥር እሳት ሊሰጥ ዝግጁ ነው። ቁልፉን ስታጠፋ ኮንታክቱ አንዲት ሽቦ ከማሳ (ከሞተሩ ብረት አካል) ጋር ያገናኝና እሳቱን ያፍነዋል። እንግዲህ አስበው፤ በዚህኛው ዓይነት ላይ የኮንታክቱን ሶኬት የነቀለ ሌባ ሞተሩን የሚያግደውን ብቸኛ ነገር ነው የነቀለው። ሶኬቱ ወልቆ ሞተሩ ይነሳል። ፖዘቲቭ ሽቦ ላይ የተገጠመ ድብቅ ማጥፊያም እዚህ ምንም አያደርግም፤ መብራቱን ያጠፋል እንጂ ሞተሩን አያቆምም።

ያንተ የትኛው እንደሆነ በሽቦ ቀለም አትፍረድ፤ ሌላ እጅ የነካው ሽቦ ነው። ሜዳ ላይ አውጥተህ፣ ማርሹን ፎሌ (ነፃ) አድርገህ፣ ቁልፉን አጥፍተህ የኮንታክቱን ሶኬት ንቀልና ፔዳሉን ምታ። ከተነሳ ሁለተኛው ዓይነት ነው፤ ሶኬቱን ስትመልሰው ይጠፋል። ካልተነሳ አንደኛው ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ከሆነ ምንም ሽቦ አትቁረጥ። ከማፈኛዋ ሽቦ ላይ ሲዲአዩ አጠገብ ቅርንጫፍ አውጣ፣ በማጥፊያው አሳልፈህ ሻንሲው ላይ እሰር። ቅርንጫፉ አጭር ይሁን፤ እስከ መሪ ድረስ የተዘረጋ ከሆነ ሌባ ቆርጦት ይሄዳል። ማጥፊያው ቢበላሽ ደግሞ የምታጣው ጥበቃውን ብቻ ነው፤ ሞተሩ መንገድ ላይ አይጠፋብህም። አንደኛው ዓይነት ከሆነ ግን ከኮንታክት ወደ ሲዲአይ የሚሄደውን ሽቦ ሲዲአዩ አጠገብ ቆርጠህ ሁለቱን ጫፍ ማጥፊያው ላይ ታስራለህ። እዚህ ላይ ማጥፊያው ከላላ ሞተሩ እየሄድክ ይጠፋል፤ ስለዚህ ቢያንስ 10 አምፒር የሚችል፣ የላስቲክ ቆብ ያለው ይሁን። ሽቦውን ከመገጣጠሚያው 5 ሳንቲ ሜትር ላይ እሰረው፣ አለዚያ ንዝረቱ ብየዳው አጠገብ ይበጥሰዋል። የት እንደምትደብቀው እዚህ አልጽፍም። ወንበር ሥር ጠርዝ ላይ አይሁን፤ ሁሉም እዚያ ነው የሚያስቀምጠው።

ባትሪውን የሚጨርሰው አላርሙ ነው። ቁልፉን አጥፋ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ፣ ቴስተሩን 10 አምፒር ላይ አድርገህ በተፈታው ገመድና በባትሪው መሐል አስገባ፣ አላርሙን አብራና አንድ ደቂቃ ጠብቅ። ደህና አላርም እስከ 20 ሚሊ አምፒር ይስባል። 100 አካባቢ ካነበብክ ባለ 5 አምፒር ሰዓት ባትሪን በ50 ሰዓት ባዶ ያደርገዋል፤ ሁለት ቀን ያልከው እዚህ ላይ ይገጥማል። ግምቴ ቁልፍ ሲበራ ብቻ ኃይል ማግኘት ያለባትን የአላርሙን ሽቦ ከቋሚ ፖዘቲቭ ጋር አስረዋታል የሚል ነው። በሪሞት ሞተር የሚያጠፋ ሪሌ አብሮ ከመጣ ደግሞ ንቀለው፤ ርካሽ ሪሌ ሲሞቅ መንገድ ላይ ይለቅቃል። የንዝረት መለኪያውንም ዝቅ አድርገው። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር የሚጮህ አላርም ጎረቤቱን ሁሉ ያሰለቻል፤ እውነተኛው ሌባ በመጣ ቀን ዞር ብሎ የሚያይ አይኖርም።

ይህ ሁሉ ሞተሩ እንዳይነሳ ነው። ቦክሰር 120 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሁለት ሰው ፒክአፕ ላይ ይጭነዋል። ስለዚህ ሰንሰለት። የሰንሰለቱ ብረት ውፍረት ከ10 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ በረጅም እጀታ መቀስ ይቆረጣል፤ 12 እና ከዚያ በላይ ፈልግ። ስትገዛ ሞረድ ይዘህ ሂድ፤ ሞረዱ ብረቱን ከበላው ልስልስ ነው፣ ተወው፤ ከተንሸራተተ የጠነከረ ብረት ነው። በላስቲክ የተሸፈነው ቀጭን የሽቦ ገመድ ቁልፍ አይባልም። ሰንሰለቱን በጎማ ብቻ አታሳልፍ፣ ጎማ ተፈትቶ ይቀራል፤ በሻንሲው ውስጥ ይለፍ። መሬት ላይም አይነጠፍ፤ መሬት ለመዶሻ ማስደገፊያ ይሆናል። ጓጉንቸሩ ቀንዱ የተሸፈነ ዓይነት ይሁን፤ ዘይት አቧራ ስለሚይዝ በሱ ፋንታ የእርሳስ (ግራፋይት) ዱቄት ንፋበት።

ለግቢው አከራይህን አስፈቅደህ መልህቅ ቅበር። 40 በ40 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱም 40 የሆነ ጉድጓድ ይበቃል። ባለ 16 ሚሊ ሜትር ፌሮ አጥፈህ ቀለበት አብጅ፣ እግሮቹ ላይ መስቀለኛ ብረት በይድ፤ ከመሬት በላይ የሚታየው ሰንሰለቱ የሚያልፍበት ብቻ ይሁን። አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ አራት ጠጠር፤ ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ እንኳ አይጨርስም፣ ሲደርቅ ግን 150 ኪሎ ያህል ይመዝናል። የደቻቱን ወንዝ አሸዋ በእጅህ አሽተህ ጭቃ ከተወብህ እጠበው። በዚህ ፀሐይ አርማታ ቶሎ ይሰነጠቃልና ጆንያ አልብሰህ ጠዋትና ማታ ለ7 ቀን ውኃ አጠጣው። ከዚያ በፊት ምንም አትሰርበት።

ከዚራ ላይ ያለው ችግር ሰዓቱ ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው በርጫ ላይ ነው፣ መንገዱ ጭር ይላል፤ ያንተም የተነካው በዚያው ሰዓት ነው። ጥላ ፍለጋ ዛፍ ሥር አትውሰደው፤ የዘበኛው ዓይን ከሚያርፍበት ቦታ፣ የፊት ጎማው ግድግዳ ነክቶ፣ ከብረት ምሰሶ ወይም ከተቀበረ የበር ቋሚ ጋር ታስሮ ይቁም። ፍርግርግ ላይ አትሰር፣ ብየዳው በአንድ ምት ይለቅቃል። ስትነሳ ሰንሰለቱ ከጎማው መውጣቱን እይ፣ መሪውንም ሁልጊዜ ወደ ሁለቱም ጎን እስከ መጨረሻ አዙረህ ነው የምትነሳው። አዲስ ኮንታክት ገጥመህም ቢሆን።

ሊብሬውን ወንበር ሥር አታስቀምጥ፤ ሞተሩን የወሰደ ሰው ከነሰነዱ እንዳይወስደው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ፎቶ አንሳ፣ አንድ ቅጂ ቤት ይቀመጥ። ቁጥሩ ሻንሲው ላይ በግራሶና በአቧራ ተሸፍኖ ከሆነም ጠርገህ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ዛሬ አመሳክር፤ ሁለተኛ እጅ የገዛኸው ከሆነ በተለይ።