ጀበና ለምትልኩ ልጆች

በቅርቡ አንዲት ልጅ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። የሸክላ ጀበናና ሲኒ ትሸጣለች፤ ደንበኞቿ አብዛኞቹ ውጭ አገር ናቸው። ጥያቄዋ አጭር ነበር፦ «ጋሼ፣ ባብል ራፑን ስንት ዙር ልጠቅልለው?» ባብል ራፕ ያ ጥቃቅን የአየር ፊኛ ያለው የማሸጊያ ፕላስቲክ ነው።

ቶሎ አልመለስኩላትም። መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። ዕድሜዬን የጨረስኩት ዕቃ በማሸግ ነው። ጥያቄዋ ግን አንድ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። ለእሷ ብቻ ከምመልስ ለሁላችሁም ልጻፈው አልኩ።

ያኔ እሠራበት የነበረው ዕቃ ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅት ቦሌ አካባቢ ጠባብ ቢሮ ነበረው። ጠዋት በሩ ላይ የሚሰለፈው አብዛኛው እናት ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ቆሎ ተሸክመው ይመጣሉ። አንድ ቀን አንዲት እማማ መጡ። ልጃቸው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ወልዳለች። ለአራሷ የገንፎ ዱቄትና በርበሬ ይዘዋል። ሌላ ደግሞ በነጠላቸው ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ያቀፉት ነገር አለ። ሲፈቱት ጀበና ነው።

አዲስ ጀበና አልነበረም። ሆዱ በጭስ ጠቁሯል። ጆሮው እጅ ስለበዛበት ለስልሷል። «እማማ፣ አዲስ ገዝተው ቢልኩላት አይሻልም?» አልኳቸው። «አዲሱን እዚያ ማን ያሟሽላታል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አዲስ ጀበና እስኪሟሽ ድረስ ቡናው አፈር አፈር ይላል። ይሄኛው ከእናታቸው የተቀበሉት ነው። ልጅቷ ራሷ የመጀመሪያ ቡናዋን ያፈላችበት ነው።

ሸክላን ከቅርብ ላላያችሁት ልንገራችሁ። የጀበና ሆድ ጠንካራ ነው። ክብ ስለሆነ የሚያርፍበትን ጫና ለዙሪያው ያካፍለዋል። የሚሰበረው አንገቱ ሥር ነው። ቀጥሎ ጆሮው የተለጠፈበት ቦታ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የጆሮውን ቀዳዳ በተጨማደደ ጋዜጣ ሞላሁት። ከዚያ አንገቱን በስፖንጅ ቁራጭ እየጠመጠምኩ ውፍረቱን ከሆዱ ጋር አስተካከልኩት። ባብል ራፑ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ብቻውን ትንሽ ካርቶን ውስጥ ገባ። እስከዚህ ድረስ ያለውን ዛሬም በዚያው መንገድ ነው የምሠራው።

ችግሩ ዋጋው ነበር። ድርጅቱ የሚያስከፍለው በካርቶን ቁጥር ነው። ሁለት ካርቶን ከሆነ ሁለት እጥፍ ነው። እማማ መቀነታቸውን ፈትተው ብሩን ቆጠሩት። የሚበቃው ለአንድ ብቻ ነው። ደንቡን የሚያላላ ሰው ቢሮው ውስጥ አልነበረም። ትንሹ ካርቶን ትልቁ ውስጥ ገባ። በርበሬውና ዱቄቱ ከሥር፣ መካከሉ ላይ ወፍራም ስፖንጅ፣ ጀበናው ከላይ። ጎኑን በሙሉ በጋዜጣ ጠቀጠቅኩት። አንስቼ ነቀነቅኩት፤ ድምፅ የለም። እማማ ካርቶኑን ስመውት ሄዱ።

ከሳምንታት በኋላ ተመልሰው መጡ። ልጅቷ ደውላ ነበር። ካርቶኑ መንገድ ላይ ተከፍቷል። እኛ የለጠፍነው ቡናማ ፕላስተር ተቀዶ በላዩ ሌላ ተለጥፎበታል። ፍተሻ ነው። በማሽን ሲያዩት ዱቄት የሚመስል ነገር ካለ ይከፈታል። ፈታሹም ሥራውን ነው የሠራው። ሲመልሰው ግን ከሥር የነበረው በርበሬ ከላይ ሆነ። ስፖንጁ ተጣጥፎ አንድ ጥግ ተወሸቀ። ጀበናው የአንገት ድጋፉ ወልቆ፣ በባብል ራፕ ብቻ ዙሪያውን ተጠቅልሎ ተመለሰ። ልጅቷ ስትከፍተው አንገቱ ከሆዱ ተለይቷል። ጆሮው የለም፤ ስብርባሪው በርበሬ ለብሶ ከታች ተበትኗል።

እማማ አልተቆጡም። «አንተማ ምን ታደርግ፣ ልጄ» አሉኝ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ሆዱ ደህና ነው ብላኛለች። አበባ ልትተክልበት ነው» አሉና ምርቃት ጨምረውልኝ ወጡ።

ያ ጀበና እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ካሣ የሚባል ነገር አለ፤ የሚከፈለው ግን የአዲስ ጀበና ዋጋ ነው። እናትና ልጅ የተቀባበሉበትን ዘመን በደረሰኝ ማን ይተምነዋል? ያችን የሁለተኛዋን ካርቶን ዋጋ ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬን በሌላ ዓይን ነው የማየው። በፊት የማሽገው ለተቀባዩ ነበር። ተቀባዩ ግን የመጨረሻው ከፋች ነው። ከእሱ በፊት የማያውቃችሁ፣ የሚቸኩል፣ ጀበና አይቶ የማያውቅ ሰው ሊከፍተው ይችላል። ማሸጊያችሁ ያ ሰው ከፍቶ እንደነበረ ሊመልሰው የሚችለው መሆን አለበት። ስለዚህ ቁርጥራጭ አታብዙ። ስፖንጁን ከካርቶኑ ወለልና ግድግዳ ጋር በማጣበቂያ አያይዙት፤ ያኔ ማንም አያነሳውም። የአንገቱን ድጋፍ ለመያዝ በባብል ራፑ ብቻ አትተማመኑ፤ ለብቻው ከጀበናው ጋር እሰሩት። ከመዝጋታችሁ በፊት ውስጡን ፎቶ አንሱና አትማችሁ ክዳኑ ላይ ለጥፉት። ፎቶ ቋንቋ አይፈልግም። በእኛ ጊዜ ፎቶ ማሳጠብ ራሱን የቻለ ወጪ ነበር። እናንተ ምሳችሁን ሳይቀር ታነሳላችሁ፤ ይህን ግን ሲያደርግ ያየሁት የለም።

እናንተን ካነሳሁ አይቀር፣ ቲክቶክ ላይ ስታሽጉ አያችኋለሁ። ሪባን አለ፣ የደረቀ አበባ አለ፣ «እናመሰግናለን» የሚል ካርድ አለ። ያምራል። ካርቶኑን ስታነሱት ግን ውስጡ ሲንኳኳ ይሰማኛል። የሚንኳኳ ዕቃ ቦታ አለው ማለት ነው፤ ቦታ ያለው ዕቃ ደግሞ በእያንዳንዱ መንገጫገጭ ግድግዳውን ይመታል። አሥር ዙር ባብል ራፕ ይህን አያስቀረውም።

ዕቃ የሚሰበረው ስለወደቀ ሳይሆን ባንዴ ስለቆመ ነው። ልጅ ሆነን ከአጥር ላይ ጭድ ክምር ውስጥ እንዘል ነበር፤ ከዚያው አጥር ድንጋይ ላይ የዘለለ ግን እግሩ ይሰበራል። ከፍታው አንድ ነው። ልዩነቱ ጭዱ ቀስ አድርጎ ማቆሙ ነው። በቁጥር ልንገራችሁ። ከ75 ሴንቲሜትር ከፍታ የወደቀ ዕቃ 3 ሴንቲሜትር ሰምጦ ከቆመ፣ የሚያርፍበት ኃይል በአማካይ የክብደቱን 25 እጥፍ ገደማ ነው። በ1 ሚሊሜትር ውስጥ ከቆመ 750 እጥፍ ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ የምትጠቀሙበት ነገር መስመጥ አለበት። ቴሌቪዥን የሚታሸግበት ደረቅ ነጭ ፎም ለሲኒ አይሆንም፤ ሲኒ ቀላል ስለሆነ ፎሙን ሊያሰምጠው አይችልም፤ ምቱ እንዳለ ያልፋል። በጣም ለስላሳ ስፖንጅ ደግሞ ለከባድ ዕቃ አይሆንም፤ እስከ ወለሉ ሰምጦ ያልቅበታል። ባብል ራፑንም እየሳባችሁ ስታጠብቁት አየሩን አስቀድማችሁ ጨመቃችሁት ማለት ነው።

ባብል ራፕ ሲፈጠር ለዕቃ ማሸጊያ ታስቦ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1957 አሜሪካ፣ ኒው ጀርዚ፣ ሀውቶርን ውስጥ አልፍሬድ ፊልዲንግና ማርክ ሻቫን ሁለት የመታጠቢያ ቤት መጋረጃዎችን አጣብቀው የግድግዳ ወረቀት ለመሥራት ሞከሩ። በመካከሉ አየር ታሽጎ ቀረ። ለግድግዳ ፈላጊ አላገኘም። አትክልት ለሚበቅልበት ቤት (ግሪንሃውስ) ሙቀት መጠበቂያም ሞከሩት። እ.ኤ.አ. በ1960 ሲልድ ኤር የሚባል ኩባንያ አቋቋሙ። የኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም «1401» የተባለውን ኮምፒውተሩን ለመላክ ሲጠቀምበት ነው ነገሩ ቦታውን ያገኘው።

አየር ካነሳን፣ አዲስ አበባ ሆናችሁ ለምታሽጉ አንድ ነገር ልጨምር፤ የውጭዎቹ ቪዲዮዎች ይህን አይነግሯችሁም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። አየሯ ሳሳ ያለ ነው። እዚህ የነፋችሁት የአየር ትራስ ባሕር ወለል አጠገብ ያለ ከተማ ሲደርስ ሩብ ያህሉን ያጣል። ካላመናችሁኝ ሃይላንድ ጠጡና ባዶውን ፕላስቲክ ጥብቅ አድርጋችሁ ክደኑት፤ ከዚያ ድሬዳዋ ውረዱ። ተጨማዶ ታገኙታላችሁ። እዚህ ግጥም ብሎ የሞላ ካርቶን እዚያ ሲደርስ የሚላላው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ክፍተት የምሞላው በወረቀት ነው። ጠቅጥቃችሁ ከሞላችሁት ወረቀት ከፍታ አያውቅም። እርጥበት ግን ያውቃል። ክረምት ላይ ካርቶንና ወረቀት እርጥበት ጠጥተው ጉልበታቸውን ያጣሉ፤ መሬት ላይ አታስቀምጧቸው።

ስለ ወረቀት ሳስብ እናቴ ትዝ ትለኛለች። የፋኖስ ብርጭቆ ስትገዛ ብርጭቆው የሚመጣው ሞገድ ሞገድ ባለው ወረቀት ተጠቅልሎ ነበር። ወረቀቱን አትጥለውም፤ መደርደሪያ ታለብስበት ነበር። ኋላ ሥራው ውስጥ ስገባ ነው ታሪኩን ያወቅኩት። እ.ኤ.አ. በ1871 አልበርት ጆንስ የሚባል የኒው ዮርክ ሰው ለዚያ ሞገዳማ ወረቀት የፈጠራ መብት (ፓተንት) ያወጣው ጠርሙስና የፋኖስ ብርጭቆ ለመጠቅለል ነበር። ዛሬ ካርቶን የምንለው ሁሉ የዚያ ዘር ነው። እናቴ እንቁላል ገበያ የምትወስደው ደግሞ በቅርጫት ጭድ ውስጥ እየቀበረች ነበር። እንቁላል ከእንቁላል አይነካካም። ያንን ያየ ሰው የማሸግን ሥራ ግማሹን ተምሯል። ጭዱን ግን ወደ ውጭ ለሚሄድ ዕቃ አትጠቀሙበት። ተባይ ይይዛል ተብሎ አሜሪካን በመሰሉ አገሮች ድንበር ላይ ያስይዛችኋል። የእንጨት ሣጥን ከሆነም እንጨቱ እስከ ውስጡ ድረስ በ56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ የሞቀና ይህን የሚያሳይ ማኅተም ያለበት ይሁን።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ዛሬ ብዙዎቹ የአየር መልእክት ድርጅቶች የሚያስከፍሉት በክብደት ብቻ አይደለም። ርዝመቱን፣ ወርዱንና ቁመቱን በሴንቲሜትር አባዝተው ለ5,000 ያካፍሉታል። ከሚዛኑ ከበለጠ በዚያ ያስከፍላሉ። በሁሉም ጎኑ 40 ሴንቲሜትር የሆነ ካርቶን 12.8 ኪሎ ይባላል፤ ውስጡ ያለው አንድ ጀበና ብቻ ቢሆንም። 50 ሴንቲሜትር ከሆነ 25 ኪሎ ነው። ስፖንጅ አትቆጥቡ እያልኩ ካርቶን አታስፉ ማለቴ ይጋጫል፤ አውቃለሁ። በሁሉም ጎን 5 ሴንቲሜትር የሚሰምጥ ነገር ይኑረው፤ ከዚያ በላይ ባዶ ቦታ አትግዙ። በርበሬና ሸክላ ግን አንድ ካርቶን ውስጥ አይግቡ። ደንበኛው «አንድ ላይ አድርጉልኝ» ቢል እንኳ አስረዱት። ብሩ ካልበቃው በርበሬው በሌላ ጊዜ ይሂድ።

«ተሰባሪ» የሚል ጽሑፍ ለጥፉ ብዬ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። መጣል ግን አታውቁም። አንድ አዲስ ማሸጊያ ከመሸጣችሁ በፊት ጣሉት። የታወቀ የሙከራ ሥርዓት አለ። ከ10 ኪሎ በታች ለሆነ ካርቶን ከፍታው 76 ሴንቲሜትር ነው። አሥር ጊዜ ይጣላል፦ አንዴ በማዕዘኑ፣ ሦስት ጊዜ በጠርዙ፣ ስድስት ጊዜ በየፊቱ። ቀጨኔ ሄዳችሁ መልኩ ስላላማረ ገዢ ያጣ ጀበና ከሸክላ ሠሪዎቹ ግዙና በእሱ ሞክሩት። እኔ አንድ ነገር እጨምርበታለሁ። ከአምስተኛው በኋላ ካርቶኑን ለጎረቤት ስጡትና «ከፍተህ መልሰህ ዝጋው» በሉት። ከዚያ ቀሪውን አምስት ጣሉ።

ለመሥራት የሚፈልግ ካለ የማየው ክፍተት አለ። እንቁላል የሚደረደርበትን ግራጫ ካርቶን ታውቁታላችሁ። የሚሠራው ከተጣለ ወረቀት ነው፤ በውኃ ይዘፈዘፋል፣ በቅርጽ ማውጫ ይጨመቃል፣ ይደርቃል። በዚያው መንገድ ለጀበና ሁለት ግማሽ ቅርጽ ማውጣት ይቻላል። አንገቱ በቦታው ይተኛል፤ ፈታሹም መልሶ ሲያስገባው የሚገባው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ችግሩ የእኛ ጀበናዎች በእጅ ስለሚሠሩ መጠናቸው አንድ አለመሆኑ ነው፤ ቢያንስ ሦስት ልክ ያስፈልጋል። ቅርጽ ማውጫ መሥራት የምትችሉ ልጆች ካላችሁ ጻፉልኝ። አንገቱና ጆሮው ላይ ምን ያህል ክፍተት መተው እንዳለበት አሳያችኋለሁ።