የጅማ ፀሐይና ሞተር፦ ለጠየቃችሁኝ መልስ

በጋው ጠንክሯል። እኔ ጅማ ውስጥ ሞተር ስነዳም ስጠግንም 14 ዓመት ሆኖኛል። ሰሞኑን በፀሐይ ዝለው መንገድ ዳር የቆሙ ልጆች አየሁና «ስለ ሙቀትና ሞተር የሚያሳስባችሁን ጠይቁኝ» አልኩ። ብዙ ጥያቄ መጣ። እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጅማ እኮ ቆላ አይደለችም። ይሄን ያህል የሚያሰጋ ሙቀት አለ?

መልስ፦ አለ። ብዙዎቻችንን የሚያዘናጋንም ይኸው «ቆላ አይደለችም» የሚለው ነው። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። አየሩ ደህና ይመስላል፣ ፀሐዩ ግን ይፋጃል። ሞተር ላይ ደግሞ ነፋሱ ላብህን ወዲያው ወዲያው ያደርቀዋል። ልብስህ ስላልረጠበ ያላበህ አይመስልህም። ውሃህ ግን እያለቀ ነው። እኔን አንድ ቀን በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ባለችው አሰንዳቦ አካባቢ ሊጥለኝ የነበረው ይሄ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ከቡና በቀር ምንም አልቀመስኩም። መጀመሪያ ራሴን ወቀረኝ፣ ቀጥሎ መንገዱ ተደበላለቀብኝ። እንደምንም ዳር ይዤ ቆምኩ። አንዲት እናት ጥላ ስር አስቀምጠው ውሃ በጣሳ አጠጡኝ፣ ፊቴንም አጠቡኝ። ከዚያ ወዲህ ውሃ ሳልይዝ ከከተማ ወጥቼ አላውቅም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ስንት ውሃ ልጠጣ?

መልስ፦ እስኪጠማህ አትጠብቅ። ሳትነሳ በፊት ጠጣ። ረጅም መንገድ ከሆነ በየግማሽ ሰዓቱ ቆም በልና አንድ ሁለት ብርጭቆ ያህል ጠጣ። ሽንትህን እየው። ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ ደህና ነህ፤ ከጠቆረ ውሃ አንሶሃል። ብዙ ካላበህ ጨውም አብሮ ስለሚወጣ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ከፋርማሲ ያዝ። ከሌለ በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጥ። ማንኪያው ልክ ይሁን፣ አይቆለል። ጨው ማብዛት ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ሄልሜቱ ያፍነኛል። ከተማ ውስጥ እንኳ ባወልቀውስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እባክህ አታውልቀው። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ሄልሜት የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ፣ ሞትን በ42 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከአጂፕ እስከ ሂርማታ ያለው መንገድ አጭር ነው፣ ግን ባጃጁ፣ እግረኛው፣ ፍየሉ ሁሉ እዚያው ነው። ሄልሜት ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ ሳይ ሆዴ ይባባል። ከውስጥ ስስ የጥጥ ጨርቅ ራስህ ላይ እሰር፣ ላቡን ይመጥልሃል። ስትቆም አውልቀህ አናፍሰው።

ጃኬትም እንደዚሁ ነው። በቲሸርት መንዳት የሚያቀዘቅዝ ይመስላል እንጂ ፀሐይና ነፋስ አንድ ላይ ቆዳህን ያደርቁታል። ሰፋ ያለ፣ ነጣ ያለ፣ እጀ ረጅም ልብስ ይሻላል። በጣም ሲሞቅ የውስጥ ቲሸርቱን በውሃ አርጥበህ ጃኬቱን ከላይ ዚፑን ትንሽ ከፍተህ ልበስ። እኔ በዚህ ብዙ መንገድ ሄጃለሁ።

ጥያቄ፦ ረመዳን ላይ ሰው በማመላለስ ነው የምተዳደረው። እንዴት ላድርግ?

መልስ፦ ሥራህን ወደ ጠዋትና ወደ አመሻሽ ሰብስበው። ከቀኑ 6 እስከ 10 ሰዓት ያለውን ከቻልክ ጥላ ስር አሳልፈው። ሱሁር ላይ በደንብ ጠጣ፣ ጨው የበዛበት ምግብ ቀንስ። ራስህን ካዞረህ ግን ተሳፋሪ ይዘህ አትቀጥል፤ የሰው ነፍስ ከኋላህ አለ። ለታመመና ለመንገደኛ ስላለው ፈቃድ ኡስታዞችህን ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ጫት እየቃምኩ ብነዳ ድካም አይሰማኝም። ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ችግሩ እሱ ራሱ ነው፤ አይሰማህም። ድካሙ አልጠፋም። ጫት የልብ ምትን ያፈጥናል፣ የሰውነት ሙቀትንም ከፍ ያደርጋል። በፀሐይ ላይ ሲደረብ ሰውነትህ «በቃኝ» የሚልህን ምልክት ይደብቅብሃል። ቅመህ አትንዳ።

ጥያቄ፦ በሙቀት ጎማ እንዳይፈነዳ ነፋስ ልቀንስ?

መልስ፦ አትቀንስ! ይሄን ብዙ ሰው ይሳሳታል። የላላ ጎማ አስፋልቱ ላይ እየተጣጠፈ ይብስ ይግላል፣ የሚበላሸውም ያኔ ነው። ጠዋት ሳይነዳ፣ ቀዝቃዛ እንዳለ፣ በሞተሩ ላይ በተጻፈው ልክ ሙላ። ቀን ላይ ግፊቱ ቢጨምር ያለ ነገር ነው። ጎማው ያረጀና የተሰነጣጠቀ ከሆነ ግን ለውጠው፤ ጎሚስታ ሊያድነው አይችልም።

ጥያቄ፦ ወደ አዲስ አበባ ልነዳ ነው። ጊቤ ላይ ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ጊቤ ሸለቆ ከጅማ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር 4 ዲግሪ ያህል ይለያል ማለት ነው። በሌሊት ተነስና ማለዳ እለፈው። ቁልቁለቱን ነዳጅ ለመቆጠብ ብለህ በፎሌ (ማርሽ አውጥተህ) እንዳትወርድ። ፍሬን ብቻ ይዘህ ከወረድክ ይግላል፣ ከጋለ አይይዝም። ማርሽ ቀንሰህ ውረድ።

ጥያቄ፦ ማርሚታ (የሞተሩ ጭስ ማውጫ) እግሬን አቃጠለኝ። የጥርስ ሳሙና ቀባሁት።

መልስ፦ እህቴ፣ ሳሙናም ቅቤም አይቀባም። ሙቀቱን ያፍነዋል። ወዲያው ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ያዢው። ቆዳሽ ውሃ ከቋጠረ አታፍርጪው፣ ሰፊ ከሆነ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ከኋላ ስትቀመጪ ደግሞ ሻሽሽንና ቀሚስሽን ሰብስቢ፤ ካቴናው (ሰንሰለቱ) ውስጥ ከገባ ይጎትትሻል።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ በፀሐይ ምክንያት ተዝለፍልፎ ቢወድቅስ?

መልስ፦ ራሱን የሚያዞረው፣ የሚያቅለሸልሸው፣ በላብ የተጠመቀ ነገር ግን በደንብ የሚያወራ ከሆነ ጥላ ውስጥ አስተኛው፣ እግሩን ከፍ አድርግ፣ ቀስ እያለ ይጠጣ። ከተዘባረቀ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ራሱን ከሳተ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ይገድላል። ልብሱን አውልቅ፣ ሰውነቱን በውሃ አርስ፣ አራግብለት፣ እየቀዘቀዘ ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ውሃ አታድርግ፣ ወደ ሳንባው ይገባል።

ጥያቄ፦ ዝናብ ሲመጣ እፎይ ልንል ነው?

መልስ፦ ከሙቀቱ አዎ። ግን የመጀመሪያው ዝናብ ነው አደገኛው። በጋውን ሙሉ አስፋልት ላይ የተጠራቀመ ዘይትና አቧራ ውሃ ሲነካው ሳሙና ይሆናል። ቀዩ አፈርም አለ። የመጀመሪያዎቹን ከ20 እስከ 30 ደቂቃዎች በረንዳ ስር ቁም፣ መንገዱ ይታጠብ።