መልስ፦ ኳሱ ሁሉ ወደ አማቼ ሲመጣ ምን ላድርግ?

ወንድሜ፣ «በጥንድ ቴኒስ አማቼ ገና ጀማሪ ነው፤ ተጋጣሚዎቻችን ኳሱን ሁሉ እሱ ላይ ይጥላሉ» ብለሃል። ብልጦች ናቸው፣ ምን ይደረግ!

መጀመሪያ ከመረቡ አርቀው። ብዙ ሰው ደካማውን መረብ ላይ ያቆማል፤ እዚያ ግን ለማሰብ ጊዜ የለም። ሁለታችሁም የኋላ መስመር ላይ ቁሙ። ሥራው አንድ ብቻ ይሁን፤ ኳሱን ከፍ አድርጎ ወደ መሃል መመለስ። መረቡ መሃል ላይ 91 ሴንቲ ነው፣ ዳር ላይ ግን 1 ሜትር ከ7 ሴንቲ። መሃል የገባ ኳስ ለተጋጣሚ ሰፊ ማዕዘን አይሰጥም። አንዳንዴም «ያንተ ነው፣ ያንተ ነው» ሲባባሉ ያልፋቸዋል።

የምትጫወቱባት ባሕር ዳር ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ኳስ ይርቃል። ከሰዓት ከጣና የሚመጣው ነፋስ በጀርባችሁ ከሆነ የኳሱን ከፍታ ቀንሱ፤ አለዚያ ከመስመር ይወጣል።

ሰርቪስ (ጨዋታ የሚያስጀምረውን ምት) አንተ ጀምር። የሱን ኳስ ግን እየሮጥክ አትንጠቀው። እኔ ከባለቤቴ ጋር ስጫወት ኳሷን እየነጠቅኩ ጨዋታውን አሸነፍን፤ እሷ ግን ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ።